ሶማሊያን ማን ይጠብቅ? የአፍሪካ ኅብረት ወይስ ተመድ

የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት 15 አባላት አሉት። የተመድ የፀጥታው ምክር ቤትም 15 ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ቬቶ (ውሳኔን ብቻውን የመሻር መብት) ያለው አገር የለም። ኒውዮርክ ላይ አምስት አሉ።

ልዩነቱን ሶማሊያ ላይ እንየው። የተመድ ሰላም አስከባሪ ጦር በ1995 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞቃዲሾን ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ጦር መልሶ ለመላክ አልደፈረም። የአፍሪካ ኅብረት በ2007 መጀመሪያ ላይ ጦር ለመላክ ወሰነ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የኡጋንዳ ወታደሮች ሞቃዲሾ ገቡ። ቡሩንዲ ተከተለች። ኢትዮጵያም በ2014 ተልዕኮውን በይፋ ተቀላቀለች። አልሸባብ በ2011 ከመዲናይቱ የለቀቀው በብዙ አፍሪካዊ ወታደሮች ደም ነው። ይህ ሊረሳ አይገባም።

ጎረቤት ቶሎ ይደርሳል፤ የራሱን ጥቅምም ይዞ ይመጣል። በድንበር ጉዳይ የሚጠረጠረውም ለዚህ ነው። በዚህ በኩል ከሩቅ የመጣ ጦር ይሻላል።

ትልቁ ችግር ገንዘብ ነው። የወታደሮቹን አበል ለዓመታት የከፈለው የአውሮፓ ኅብረት ነበር። በ2016 ድጋፉን 20 በመቶ ሲቀንስ የአፍሪካ ኅብረት የሚተካበት አቅም አልነበረውም። እኔ ብጠየቅ ወታደሩ ከአፍሪካ፣ ወጪው ከተመድ ይሁን እላለሁ። የፀጥታው ምክር ቤት በ2023 ያጸደቀው ውሳኔ 2719 ለዚህ በር ከፍቷል፤ ተመድ እስከ 75 በመቶ ሊሸፍን ይችላል። ግን እያንዳንዱ ተልዕኮ ለየብቻው መጽደቅ አለበት፤ ቬቶውም እዚያው ይጠብቃል።