ለሲኒማግራፍ አፕ ልክፈል ወይስ ትራይፖድ ልግዛ?

ጀበናዋ ንቅንቅ አትልም። ሲኒዎቹም ቆመዋል። እንፋሎቱ ብቻ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ይህን ሲኒማግራፍ፣ ማለትም አንድ ቦታው ብቻ የሚንቀሳቀስ ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ የደሴ ጓደኞቼ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል፦ «በየትኛው አፕ ነው?»

ፎቶ በሚያንቀሳቅስ አፕ አይደለም። ትራይፖድ፣ ስልኩን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ግዙ።

ሲኒማግራፍ የሚለውን ስም በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት አሜሪካውያኑ አርቲስቶች ጄሚ ቤክ እና ኬቨን በርግ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከቪዲዮ ነው። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ አምና ለአፕ ከፈልኩ። የዶላር ካርድ ስለሌለኝ የሚከፍልልኝ ሰው ፈልጌ፣ ከነኮሚሽኑ ለአንድ ዓመት 4,800 ብር ወጣብኝ። አፑ የቆመ ፎቶ ተቀብሎ፣ በቀስት ባሳያችሁት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ለወንዝና ለደመና ምንም አይልም። ሰኞ ገበያ ያነሳሁትን ጀበና ስሰጠው ግን ከእንፋሎቱ ጋር አንገቷንም ጎተተው። እንደ ሰም ቀለጠች። ባለቡናዋ አይተው «አንተ ልጅ፣ ጀበናዬን ምን አስነካሃት?» አሉኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ክፈል ነው። «በነጻ አለ» ብሎ አንዱ የላከልኝን ክራክ (ክፍያው የተሰረዘበት ቅጂ) ብጭን ስልኬ በማስታወቂያ ተጥለቀለቀ። ለፎርማት 300 ብር።

ትራይፖዱም ቢሆን መጀመሪያ አቃጥሎኛል። ፒያሳ በ1,500 ብር የገዛሁት ፎርጅድ ነበር። ስልክ የሚይዘው ፕላስቲክ ወር ሳይሞላው ተሰበረ። በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፣ ተላቀቀ። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፣ 200 ብር ተቀብሎ በብሎን አሰረው። ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ አልዞርም አለ። ስለዚህ ስትገዙ እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርግታችሁ አናቱን በጣት ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ ለባለሱቁ መልሱለት። የአምራቹንም ስም በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ስቲከር ከሆነ ይላጣል።

አሁን የምሠራበት ያገለገለ አሉሚኒየም ነው፤ ከሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ በ3,200 ብር ገዛሁት። ከአፑ የአንድ ዓመት ክፍያ በ1,600 ብር ያንሳል፣ በየዓመቱም ክፈል አይልም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፋችሁ ዐሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ካፕከት (የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ) ላይ አንዱን ፍሬም፣ ማለትም ከቪዲዮው የተወሰደ አንድ የቆመ ምስል፣ ከላይ አስቀምጡና እንፋሎቱ ያለበትን ቦታ በማስክ (የምስሉን ከፊል በሚሸፍን ወይም በሚገልጥ መሣሪያ) ክፈቱት። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ አምፖል ሥር ስትቀርጹ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት፤ አለዚያ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ጂአይኤፍ (GIF) በሚባለው የፋይል ዓይነት አታስቀምጡት። 256 ቀለም ብቻ ስለሚይዝ ጥላው ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ኤምፒ4 ይሻላል።

አፑ የሚጠቅመው አሮጌ ፎቶ ብቻ ላለው ሰው ነው። የአያታችሁን ፎቶ እንደገና በቪዲዮ ልታነሱት አትችሉም። ለእሱ ዓመት ሙሉ ሳይሆን የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ።

ትራይፖዱን አውሰን ለምትሉኝ፦ ቅዳሜና እሁድ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ነው።