የጓሳን ወፎች ለመመዝገብ፦ የድምፅ መቅጃ ወይስ ሰው?

ወጪ፦ መቅጃው ሲገዛ ኪስ ይጎዳል፤ ሰው ግን በየጉዞው አበልና መኪና ይፈልጋል።

ምቾት፦ ቆቅ የሚጮኸው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰሜን ሸዋ ባለው የመንዝ ጓሳ ደጋ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ በዚያ ሰዓት አመዳይ ሣሩን አንጥቶት ጣት እርሳስ አይጨብጥም። እንጨት ላይ የታሰረች ኦዲዮሞት የምትባል ትንሽ የድምፅ መቅጃ ግን በሦስት ባትሪ ድንጋይ ሳታማርር ትቀዳለች። ጣጣው በኋላ ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ነው!

ስጋት፦ ነፋስ። አፋፍ ላይ ከሰቀላችኋት የምትሰሙት ሹሹታ ብቻ ነው። ሰውም ቢሆን ጉም ሲወርድ አያይም።

ድምፁን ሳያሰማ የሚያንዣብበውን ጆፌ አሞራ መቅጃ አያውቀውም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘችውን የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍም ገደል አፋፍ ላይ በመንጋ ስትለቅም ስንት እንደሆነች የሚቆጥረው ዓይን ነው።

ጉጉትና ቆቅን ለወራት ለመከታተል መቅጃ፤ ለመንጋ ቆጠራና ለአሞራ ሰው።