«ግሪንላንድ»፦ መኪናው ውስጥ ያልገባችው ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ሪክ ሮማን ዋህ ያዘጋጀው «ግሪንላንድ» ማስታወቂያውን ብቻ ላየ ሰው ከዚህ በፊት ደጋግሞ ያየው ዓይነት ፊልም ይመስላል፤ ጅራታም ኮከብ ወደ ምድር ይወርዳል፣ ከተሞች ይነዳሉ፣ አንድ ጡንቸኛ አባት ቤተሰቡን ይዞ ይሮጣል። መሪ ተዋናዩ ጄራርድ በትለር መሆኑም ጥርጣሬውን ያባብሰዋል፤ ሰውየው ለዓመታት በሽጉጥና በቡጢ ሰው ሲያድን ያየነው ነውና። እኔም ፊልሙን የከፈትኩት በዚሁ ግምት፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ላየው ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ተቀምጬ የጨረስኩት ግን በሚወድቀው ኮከብ ሳይሆን በአንድ መኪና በር ላይ በተፈጸመ ነገር ምክንያት ነው።

ጆን ጋሪቲ አትላንታ የሚኖር የሕንፃ መሐንዲስ ነው። እሱና ባለቤቱ አሊሰን፣ ማለትም ሞሬና ባካሪን፣ ትዳራቸው በእሱ ጥፋት ተናግቶ እንደገና ለመጠጋገን ሲሞክሩ እናገኛቸዋለን። ልጃቸው ናታን ሰባት ዓመቱ ሲሆን የስኳር ሕመምተኛ በመሆኑ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም። «ክላርክ» የተባለው ጅራታም ኮከብ በምድር አጠገብ ሲያልፍ ለማየት ጎረቤቶች እነሱ ቤት ተሰብስበዋል፤ የመጀመሪያው ስብርባሪ ቤርሙዳ አካባቢ ባሕር ላይ ይወድቃል ተብሎ ሲጠበቅ የፍሎሪዳዋን ታምፓን ያወድማል። የጋሪቲ ቤተሰብ ወደ መጠለያ እንዲወሰድ መመረጡን የሚገልጸው የመንግሥት መልእክት ደግሞ በዚያው እንግዳ በሞላበት ሳሎን፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ይመጣል። የሌላው ሰው ስልክ ዝም ብሏል። ሁሉም መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ የቤቱን ባለቤቶች ያያል።

ከዚያ የሚከተለው ትዕይንት የፊልሙ እምብርት ነው። ቤተሰቡ ሻንጣውን ጭኖ ሊወጣ ሲል አንዲት ጎረቤት ልጇን ይዛ መኪናው ላይ ትደርሳለች። ለራሷ ምንም አትለምንም፤ ልጄን ብቻ ውሰዱልኝ ነው የምትለው። ጆን ስማቸው የተመዘገበው ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ልጅቷን ቢወስዳት እንኳ በር ላይ እንደሚመልሷት ያውቃል፤ ይህንንም ሊያስረዳት ይሞክራል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት እውነቱን መናገርና መጨከን ተመሳስለውበታል። መኪናው ይነሳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ከማንኛውም የፍንዳታ ትዕይንት ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም ጆን ክፉ ሰው አይደለም፣ ያደረገውም እኛ በእሱ ቦታ ብንሆን የማናደርገው ነገር ነው ብሎ በድፍረት መናገር አይቻልም።

የክሪስ ስፓርሊንግ ድርሰት ብልህነቱ ይህን ነገር እዚያው አለመተዉ ነው። ቤተሰቡ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ወደሚገኘው ሮቢንስ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ሲደርስ የኢንሱሊኑ ነገር ይነሳል፤ መድኃኒቱ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ጆን ሊያመጣው ሲመለስ እናትየዋ የልጇን ሕመም ለወታደሮቹ ትናገራለች፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው እንደማይሳፈርም ያኔ ይነገራታል። ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ የሌላ ሰው ልጅ በደንብ ምክንያት ደጅ ቀርታ ነበር፤ አሁን ደንቡ ለራሳቸው ልጅ ደረሰ። ፊልሙ ይህን በንግግር አያብራራውም፤ ወታደሮቹም ጭራቆች አይደሉም፤ ወረቀታቸው ላይ ያለውን ነው የሚያነቡት። ግርግሩ ባልና ሚስቱን ከለያያቸው በኋላ ደግሞ አሊሰንና ናታንን በመኪናቸው የሚያሳፍሩ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ እነሱም ለተመረጡ ሰዎች እጅ ላይ የሚታሰረውን ምልክት ሲያዩ አሊሰንን አስወርደው ልጁን እንደ መግቢያ ወረቀት ይዘውት ይሄዳሉ። ሆፕ ዴቪስ የምትጫወታት ሚስት ልጁን ልታባብለው ስትሞክር ፊቷ ላይ የሚነበበው እፍረት፣ ይህ ዓይነት ፊልም ብዙ ጊዜ የማይሰጠን ነገር ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ የፍሪጅ በር ላይ የምትቀመጠዋን ትንሽ ካርቶን ያውቃታል፤ እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ እርሷ ነበር፤ ለጉዞ ሲነሱም ከምግቡና ከልብሱ በፊት «መርፌው ተይዟል?» ይባላል። ፊልሙ የዓለምን ጥፋት ወደዚያች ካርቶን መጠን ማሳነሱ ከሁሉ በላይ የተሳካለት ውሳኔ ነው። አሊሰን እየተዘረፈ ባለ መደብር መደርደሪያዎች መካከል መድኃኒት ስትፈልግ፣ ሰማዩ ላይ ምን እንደሚነድ ተመልካቹ ለጊዜው ይረሳዋል።

ሳይንሱን በተመለከተ መነሻው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ሹሜከር-ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ ተሰባብሮ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 ስብርባሪዎቹ ተራ በተራ ጁፒተርን መትተዋል፤ የፊልሙ ስብርባሪዎች ለቀናት መውረዳቸውም ይህን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው አለት 20 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከሺህ በላይ ሰዎች በአብዛኛው በተሰባበረ የመስኮት መስታወት መጎዳታቸውን ለሚያውቅም፣ አትላንታ ላይ የሚደርሰው የፍንዳታ ማዕበል ተዓማኒ ነው። ተዓማኒ ያልሆነው የስሌቱ መሳሳት ነው፤ ግዙፍ የሆነውን የመጨረሻውን ስብርባሪ የሚወድቅበትን ሰዓት በትክክል የሚያውቅ መንግሥት የመጀመሪያውን በዚያን ያህል ርቀት እንዴት ሳተው?

ይልቅ ቅር ያሰኘኝ የመጨረሻው ሦስተኛ ክፍል ነው። ስልክና መንገድ በተቋረጠበት አገር የተበታተነ ቤተሰብ እንደገና የሚገናኝበት መንገድ ከልክ በላይ የቀና ሲሆን፣ ከካናዳ በግሪንላንድ ያኔ ቱሌ ይባል ወደነበረው ጦር ሰፈር የሚደረገው በረራም ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ፊልም ይሆናል። ስኮት ግሌን በአያትነት ኬንታኪ ውስጥ የሚታይባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ክፍል ቀዝቃዛ ይሆን ነበር። እናቴ አጠገቤ ሆና በከፊል ተመልክታው ነበርና፣ እነ ጆን አውሮፕላን ሲሳፈሩ «ያቺን ልጅ ምን አደረጓት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እኔም እስከ መጨረሻው ስጠብቃት ነበር።

ትልልቅ ከተሞች ሲፈርሱ ለማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህ ፊልም ያንስበታል፤ ወጪው 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በመሆኑ ጥፋቱን በአብዛኛው ከሩቅ ወይም በዜና መስኮት ነው የሚያሳየው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ማየትን ግን አልመክርም፤ ጆን በጭነት መኪና ላይ ከእጅ ምልክቱ የተነሳ የሚገባበትና በመዶሻ የሚያበቃው ድብድብ የተሠራው ለማስጨነቅ ነው፤ ልጁ ከእናቱ እጅ የሚነጠቅበት ትዕይንት ደግሞ ለአዋቂም ቢሆን ከባድ ነው።