ለቤት የሚሆን ሥዕል መምረጥ፦ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስለሚገኝ አንድ ጋለሪ

በአዲስ አበባ ለሳሎኑ ግድግዳ ሥዕል ፈልጎ የሚወጣ ሰው በየሱቁ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሶፋውንና የመጋረጃውን ቀለም ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኘው አነስተኛ ጋለሪ ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። የተቀበለችን ባለሙያ አንድም ሥዕል ከማሳየቷ በፊት የት ሰፈር እንዳደግን፣ ሳሎኑ ውስጥ አዘውትሮ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሎ እንደነበርና ለምን እንደወረደ ጠየቀችን። ጥያቄዎቹ ለወግ ያህል የቀረቡ አልነበሩም፤ ቆይታ ያሳየችን ሥራዎች ሁሉ ከመልሶቻችን የተነሡ ነበሩ።

በጋለሪው ከሚታዩት ሥራዎች የሚበዙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው የወጡ ወጣቶች ያቀረቧቸው ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ በዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት የታደሰ መስፍን ተጽዕኖ፣ በተለይ ቀጥ ብለው የቆሙት የገበያ ሴቶቻቸው ግርማ፣ በግልጽ ይታያል። በውስጠኛው ክፍል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን የአሣሣል ወግ የተከተሉ ሥራዎች አሉ፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክ እንደ ልማዱ በ44 ክፍሎች ተከፋፍሎ የተሣለበት ሸራ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሠራዊቱ በላይ በነጭ ፈረሱ የሚታይበት የዓድዋ ጦርነት ሥዕል፣ በብራና ላይ የተሣሉ መላእክት ይገኙበታል። ባለሙያዋ በዓድዋው ሥዕል ላይ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ጠላት ደግሞ በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ መሣሉን በጣቷ እያመለከተች ስታስረዳ አብረውን የነበሩት ልጆች ከሥዕሉ ፊት አልነቃነቅ አሉ። እኔም ልገዛው ተቃርቤ ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ለየትኛውም ኢትዮጵያዊ ቤት የሚሆን ሥራ እንጂ ለይቶ የእኛን ቤት የሚናገር አልነበረም፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ሁለተኛውን ነበር።

የገዛነው ሥዕል ከላይ ቁልቁል የሚታዩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች የሞሉበት ሥራ ነው። ቤተሰባችን ያደገው በካዛንቺስ ሲሆን ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወደየአቅጣጫው ተበተነ፤ እናቴም ወደ እኛ ኮንዶሚኒየም መጣች። ሠዓሊው ዝገቱን ያወጣው በብሩሽ ሳይሆን በስፓቹላ ቀለም ደራርቦና መልሶ ፍቆ ነው። በቅርብ ሲያዩት የቆርቆሮው ሽንትሮች በጣት የሚዳሰሱ ይመስላሉ፤ በአንዱ ጥግ የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተዘርግቶ ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ ጎማና ሦስት ድንጋዮች ተጭነውበታል። እናቴ ሥዕሉን እንዳየች ዓይኗ ያረፈው እዚያ ጎማ ላይ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ተናገረች፤ ሠዓሊው ያንን ቤት አስቦ እንዳልሣለው ባውቅም ለማረም አልፈለግሁም። ለቤት የሚሆን ሥዕል በዚህ መልኩ የቤቱን ሰው አፍ የሚያስከፍት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከመጋረጃው ጋር መስማማቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀው ግን ሥዕሉን በመያዣ ወደ ቤት ወስዶ ለጥቂት ቀናት ማቆየት መፈቀዱ ነው። በጋለሪው መብራት ሥር ሞቅ ብሎ የታየን ቀይ ቡኒ ቀለም በቤታችን ነጭ አምፖል ሥር ደብዝዞ ስላገኘነው ሥዕሉን ለመመለስ አስበን ነበር፤ አምፖሉን ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ ስንቀይረው ግን ቀለሙ ተመለሰ። ሥዕሉን ሊሰቅል የመጣው ሠራተኛም ሥራውን የሚያውቅ ነው። የኮንክሪት ግድግዳውን በድሪል በስቶ ፊሸር ከማስገባቱ በፊት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከፍታውን ለካ፤ ሳሎን ውስጥ ሥዕል የሚታየው በአብዛኛው ተቀምጦ ስለሆነ ሙዚየም ውስጥ ከሚሰቀልበት ዝቅ ማለት እንዳለበት አስረዳን። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ግድግዳ አስተወን፤ ቡና የሚፈላበትን ጥግም እንዲሁ፣ ምክንያቱም የከሰሉና የዕጣኑ ጢስ ከጊዜ ብዛት ሸራው ላይ ተቀምጦ ቀለሙን ያጠቁረዋል። ብራና ለሚገዛ ሰው ደግሞ ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ ስለሚለጠጥና ሲደርቅ ስለሚኮማተር መስታወቱ እንዳይነካው ክፍተት ተትቶ መታሸግ እንዳለበት ነግሮናል።

ከውጭ አገር መጥተው ለሚገዙ ወገኖች፣ ሥዕሉ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከጉዞ በፊት መያዝ እንዳለበት ጋለሪው አስቀድሞ ማሳወቁ ተገቢ ነው። ወረቀቱን ለመጨረስ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ግዥውን ለመጨረሻው ቀን አለማቆየት ይሻላል።

ቅር የሚያሰኙ ነገሮችም አሉ። ዋጋ ከሥዕሎቹ አጠገብ አልተጻፈም፤ እየጠየቁ መዞር ያሳፍራል፣ ገዢው በአለባበሱ የሚገመት እንዲመስለውም ያደርጋል። የሚነገረው ዋጋ ቫትን ይጨምር እንደሆነ ሳይጣራ መስማማት አይገባም። ከሁሉ ይልቅ ያላስደሰተኝ ፍሬሙ ነው። ለሁሉም ሥዕል አንድ ዓይነት ወርቅማ፣ ወፍራምና አበባ የተቀረጸበት ፍሬም ይደረጋል፤ በዛገ ቆርቆሮ ዙሪያ እንዲህ ያለ ጌጥ ሲሆን ሥዕሉን ይጋፋዋል። ፍሬሙን ትተን ሸራውን ብቻ ለመውሰድ ስንጠይቅ ዋጋውን ያለማንገራገር ቀነሱልን፤ ቀጭን የዋንዛ ፍሬምም በሰፈራችን አናጺ አሠራን። ይህ አማራጭ ለጠየቀ ብቻ ስለሚነገር፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ያለ ፍሬም ስንት እንደሆነ ይጠይቅ።