ሜይል ሰርቨራችሁ አልነሳ ካለ የምጠቁማችሁ ባለሙያ አለች

የቢሯችን ሜይል ሰርቨር አልነሳ ብሎ ሥራ ሁሉ ቀጥ ባለ ጊዜ የደረሰችልንን የሲስተም ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። እጇ ይባረክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ አፕዴት ተደርጎ ሪስታርት ሲሆን ፖስትፊክስም ዶቭኮትም አልነሱም። ሜይል የሚያመላልሰውም፣ የመጣውን ለእኛ የሚያሳየውም አብረው ተኙ ማለት ነው። ከእሷ በፊት የጠየቅነው ሰው ብዙም ሳያይ "ፎርማት አድርጋችሁ እንደ አዲስ ጫኑት" ብሎን ነበር። እሷ ይህን ስትሰማ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ "ወረፋ ላይ ያለ ሜይልስ?" ለካ ገና ያልወጡ መልእክቶች የፖስትፊክስ ወረፋ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል። ፎርማት ቢደረግ ድራሻቸው ይጠፋ ነበር። ያንን ፎልደርና ኮንፊገሬሽኑን (የፕሮግራሞቹን ቅንብር) ኮፒ ሳታደርግ ምንም አልነካችም።

ከዚያ ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ጽሑፍ፣ ማንበብ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ በጉልህ የሚታየው "የማስነሳት ሙከራው ቶሎ ቶሎ ተደጋገመ" የሚለው የሲስተምዲ (ሰርቨሩ ላይ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው) መልእክት ነበር። እኛ እሱ ላይ አፍጥጠናል። እሷ ግን "ይሄ በሽታው አይደለም። በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ሲሞከር ሲስተምዲ በቃኝ የሚለው ነው። ሎጉን ከፍ ብለን እንይ" አለች።

ከፍ ሲባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ወጡ። ፖስትፊክስ ፖርት 25ን፣ ሜይል ከሌላ ሰርቨር የሚገባበትን በር፣ ሊይዝ ሲል ተይዞ አገኘው። ማን እንደያዘው ስታጣራ ኤግዚም ሆነ፤ ከአፕዴቱ ጋር ገብቶ ማሽኑ ሲነሳ እየቀደመ የሚነሳ ሌላ የሜይል ፕሮግራም። ዶቭኮት ደግሞ የኤስኤስኤል ሰርተፍኬቱን (ግንኙነቱን ለማመስጠር የሚያስፈልገውን ፋይል) አጣው። ሰርተፍኬቱ በአዲስ ፎልደር ወጥቷል፣ አሮጌው ፎልደር ተሰርዟል፣ ኮንፊገሬሽኑ ግን አሁንም ወደ አሮጌው ይጠቁማል። ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ዶቭኮት ቀድሞ ያነበበውን ይዞ ስለሚሠራ ማንም ልብ አላለውም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለወደቁ ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ጥፋት ነበር።

መፍትሔው አጭር ነው። ኤግዚምን አስቁማ ዳግም ራሱን እንዳያስነሳ ዘጋችው፤ የሰርተፍኬቱን አድራሻ አስተካከለች፤ ሁለቱንም ከማስነሳቷ በፊት ኮንፊገሬሽናቸውን ፈተሸች። ሌላው ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ሰርቨሩን ሆን ብላ ሪስታርት አደረገችው። በዚያ ሰዓት የነበረውን የእኛን ፊት ማየት ነበር! ሁለቱም ማንም ሳይነካቸው ተነሱ። ቀጥላ ከውጭ አድራሻ ሜይል ላከች፣ ከውስጥም መለሰች።

ሰርቨሩ በተኛበት ሰዓት ደንበኞች የላኩልን ነገር ጠፋ ብለን ስንጨነቅ ደግሞ "አይጠፋም፣ የላኪው ሰርቨር ይዞት እየደጋገመ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ካልቀየራችሁት እስከ 5 ቀን ያቆያል" አለችን። እውነትም እየተንጠባጠበ ገባ።

አንድ ጉድለት ልንገራችሁ፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ጽሑፍ ከላካችሁላት ግን ትመልሳለች። ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፣ በኋላም አትጨምርም። የሠራችውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋ ነው የሄደችው፤ ለኔ ይሄ ብቻውን ያስመሰግናታል።

ሳላስፈቅዳት ስሟንና ቁጥሯን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉላት "ሰርቨሩ አይሠራም" ብቻ አትበሉ። የትኛው ሰርቪስ እንዳልተነሳ ንገሯትና ሎጉን ከላይ ጀምራችሁ በጽሑፍ ላኩላት። የስክሪን ፎቶ አትወድም።