ሩማቶይድ ላደረቀው ዓይን ምን ይገዛ? ጠብታ፣ ጄል ወይስ ቅባት

ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ የራስን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው ስለ ጣቱና ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ይውላል። ዓይኑን የሚያነሳው ሲብስበት ነው። ጠዋት ተጣብቆ አልከፈት የሚለው፣ ከሰዓት ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል የሚቆረቁረው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ የዚያው በሽታ ጣጣ ነው። የእንባ ዕጢዎችም አብረው ይጠቃሉ። አንዳንዱ "የእኔስ ያለቅሳል እንጂ አልደረቀም" ይላል፤ እሱም ቢሆን ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ የተቆጣ ዓይን ውሃ ያፈሳልና። አፍም አብሮ ከደረቀ፣ ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ካለ፣ የሾግረን በሽታ የሚባለው (የሰውነት መከላከያ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን የሚያጠቃበት) ሊሆን ስለሚችል ለሐኪማችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ ግዢው። ፋርማሲ ገብታችሁ የድርቀት መድኃኒት ስትጠይቁ ሰው ሰራሽ እንባ በብልቃጥ፣ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ጄል ወይም ቅባት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ብዙ ሰው ብራንድ መርጦ ይወጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር ለራሳችሁ መልሱ እላለሁ፦ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጨምሩት? ደግሞስ የሚያሰቃያችሁ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ይሄ ከተመለሰ ብራንዱ ብዙም አያሳስብም።

ተራው ብልቃጥ ላይ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ 0.5% ወይም ሃይፕሮሜሎስ 0.3% የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም በዋጋ የሚቀለው ይሄ ነው። ጣጣው ያለው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ማቆያ ላይ ነው። በብዛት የሚገባው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው፣ ጀርም ይገድላል፣ ሲበዛ ግን የዓይንን የፊት ሽፋን ይጎዳል። በቀን እስከ አራት ጊዜ ለሚጨምር ሰው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። በየሰዓቱ ለሚጨምር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠብታው ራሱ ማቃጠል ይጀምራል፣ ሰውየው ድርቀቱ የባሰበት ይመስለዋል፣ እንደገና ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል፣ ከዚያ "ይሄ መድኃኒት አይሰራም" ብሎ ሌላ ስም ያለው ግን ያው ማቆያ ያለበት ብልቃጥ ይገዛል።

ከአራት ጊዜ በላይ ከሆነ ማቆያ የሌለው ነው የሚያዋጣው። በጣም የታወቀው ትንሿ ፕላስቲክ ናት፣ በአብዛኛው 0.4 ሚሊ ሊትር የምትይዝ። ጫፏን ጠምዝዛችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፣ የተረፈውን ትጥላላችሁ። ለዓይን ጥሩ ናት፣ ለኪስ ግን አይደለችም። ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ እሱም ጣት ነው። የእናቴ ጣቶች በሩማቶይድ ጎበጥ ብለዋል። ያቺን የጥፍር ያህል ክዳን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዞ መጠምዘዝ ለእሷ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደማስገባት ነው፤ ጠዋት ጠዋት እጇ ድርቅ ሲል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በጥርሷ ልትከፍታት ሞክራ ግማሹን አፍስሳዋለች። ስለዚህ በሽታው የጣት ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ብልቃጡን ያዙት፣ ጫን ጫን አድርጉት። ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ከሆነ ተዉት።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ዓይነት ይመጣል፦ ማቆያ የሌለው ግን ደጋግሞ የሚያገለግል ብልቃጥ፣ አፉ ላይ ጀርም ወደ ውስጥ የማያስገባ ልዩ መክፈቻ ያለው። ብዙዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ለወራት ይቆያሉ፤ ስንት ወር እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። አንዳንዶቹ ግን ሲጫኑ ጠንከር ይላሉ፣ የጣቱን ነገር አትርሱ። ልዩ መክፈቻ መኖሩን ሳታረጋግጡ ግን "ማቆያ የለውም" የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ማቆያ በሌለው የብልቃጥ ጠብታ ሰበብ ከባድ የባክቴሪያ ወረርሽኝ ተነስቶ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ተይዘው ነበር። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 14 ሰዎች የማየት ችሎታቸው ተጎዳ፣ አራቱ ደግሞ ዓይናቸው እስከ መውጣት ደረሰ። ሱቅ ውስጥ ወይም ኦንላይን ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ጠብታ ስታዩ ይሄን አስታውሱ።

ሶዲየም ሃያሉሮኔት ያለበትስ? ከተራው ትንሽ ወፈር ይላል፣ ዓይን ላይም የተሻለ ይቆያል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የሚስማማው ሰው አለ። ለሁሉም ሰው ከተራው ይበልጣል ብዬ ግን አልከራከርም። መጀመሪያ ርካሹን በደንብ ሞክሩ፣ ካልበቃችሁ ወደዚህ እለፉ።

ጄል፣ ለምሳሌ ካርቦመር 0.2%፣ በጠብታና በቅባት መሃል ነው። ረዘም ያለ ሰዓት ይቆያል፣ ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ያደርጋል። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል፣ ወይም ዱባይና ሪያድ ኤሲ ሥር ለሚሰራ ሰው ጠብታ ቶሎ ቶሎ ከማንጠባጠብ ይገላግላል። አዲስ አበባ ላይም ጥቅምት አልፎ አየሩ ሲደርቅና አቧራው ሲነሳ እንዲሁ።

ቅባቱ የሌሊት ነው። ቫዝሊን መሰል ነገርና የማዕድን ዘይት ነው በአብዛኛው። ቀን ላይ ከቀባችሁት ታክሲ ቁጥሩን ማንበብ ያቅታችኋል። ሌሊት ግን፣ በተለይ ቆቡ በደንብ የማይገጥም ሰው ከሆነ፣ ጠዋት ያንን መጣበቅ በጣም ይቀንሳል። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ የስንዴ ቅንጣት ያህል መቀባት ይበቃል። ጠብታም የምትጨምሩ ከሆነ ጠብታው ይቅደም፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅባቱ።

ቲዩቡ ግን ከቲቲሲ፣ ማለትም ከቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ጋር ይመሳሰላል። ቴትራሳይክሊን ፀረ ባክቴሪያ ነው፣ ትራኮማና ሌላ ኢንፌክሽን ላይ ይሰራል፣ ለሩማቶይድ ድርቀት ተብሎ አይገዛም። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለባቸው ጠብታዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። ቅላቱን በሁለት ቀን ያጠፉታል፣ ሰውም "ተዓምር ነው" ብሎ ለጎረቤቱ ይመክራል። ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲዘወተሩ ግን የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ያመጣሉ። ለመገጣጠሚያው ፕሬድኒሶሎን፣ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ እየዋጠ ላለ ሰው አደጋው በላይ በላዩ ነው። ቅላት ብቻ የሚያጠፉትን ጠብታዎችም ተዉአቸው፣ ሲያቆሟቸው ቅላቱ ብሶ ይመለሳል።

የዓሣ ዘይት እንክብል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት ለዓይን ድርቀት ከወይራ ዘይት እንክብል የተሻለ አልሰራም ብሏል። በዚያ ብር ጠብታ ግዙበት።

የገዛችሁት ምንም ይሁን፣ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዓይን ከአንድ በላይ አይዝም፣ ሌላው ጉንጭ ላይ ነው የሚወርደው። ተራው ብልቃጥ ማሸጊያው ሌላ ካላለ ከተከፈተ በ28 ቀን ይጣላል፣ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። የሚጨመር ሌላ ጠብታ ካለ በመሃል አምስት ደቂቃ ይሁን።

ዓይኑ ጠልቆ የሚያም፣ ብርሃን የሚያስፈራው፣ እይታው የቀነሰ ወይም መግል ያለው ከሆነ ግን እዚህ ከዘረዘርኩት አንዱም አይሆንም። ሩማቶይድ የዓይንን ነጩን ክፍል ራሱን ሊያቆጣ ይችላል፤ ያ ሲሆን የዚያኑ ቀን ሐኪም ማየት ነው። ለሩማቶይዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለውን መድኃኒት የምትወስዱም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የዓይን ምርመራ አድርጉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። መድኃኒቱ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ክፍል፣ ሊጎዳ ይችላል፣ ሲጀምርም አይታወቅም።

ብር ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነና የሚያስቸግራችሁ ጠዋት ከሆነ የሌሊት ቅባቱን ግዙ። ቀን ከሆነና በአራት ጊዜ የሚበቃችሁ ከሆነ ተራው ብልቃጥ። ከዚያ በላይ የምትጨምሩ ከሆነ ልዩ መክፈቻ ያለውን፣ ጣታችሁ ከቻለው። ካልቻለው ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥብላችሁ ሰው ካለ ትንሿ ፕላስቲክ፤ ከሌለ ደግሞ ቀኑን በጄል።