ወገን፣ «የገለበጣችሁትን ኮድ ራሱ ያስተካክላል» ለሚል ሰብስክሪፕሽን ካርድ እንዳታስገቡ

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። ከኢንተርኔት የገለበጣችሁትን ኮድ አምጡ፣ ኤረሩን (ኮዱ ሲቆም በቀይ የሚወጣውን የስህተት መልእክት) በሰከንድ አጠፋላችኋለሁ ይላል። ማጥፋቱንስ ያጠፋል። ቀዩ ጽሑፍ ድራሹ ይጠፋል፤ ስህተቱ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

እኛ ቢሮ ይሄ አስተካካይ ተገዝቷል። የገዛው አለቃችን ነው፣ የአንድ ጀማሪ ዴቨሎፐር ደሞዝ ይቆጥብልኛል ብሎ። የዕቃውን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳዩ ብዙ ስለሆነ ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም። ይልቅ ያደረገውን ልንገራችሁ።

ለአንድ ብድርና ቁጠባ ማኅበር የክፍያ ቀን የሚይዝ ሲስተም እየሠራን ነበር። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ከኢንተርኔት ተገለበጠ። ስሌቱ ደህና ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለፓይተን የራሱ የቀን ዓይነት ያስረክበዋል፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። ጳጉሜ ስትመጣ «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ብሎ ይቆማል። ጥቅምት 30ም ላይ ይቆማል፣ 2ኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ ስለሚመስለውና ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው። መቆሙ ትክክል ነው፤ እዚህ ጋ ሰው ገብቶ ማሰብ አለበት ማለቱ ነው።

አስተካካዩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወሩ ከ12 ከበለጠ 12 አድርገው የሚል አንድ መስመር ጨመረ። በቃ። አረንጓዴ ምልክት፣ «ተስተካክሏል» የሚል ጽሑፍ፣ ከከፈልንበት የአጠቃቀም ነጥብ (ክሬዲት) አንድ ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ጳጉሜ 3 የሚከፈል ዕዳ ሁሉ ነሐሴ 3 ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ። አባሉ ገና አንድ ወር ሙሉ ጊዜ አለው፣ ሲስተሙ ግን ነሐሴ 4 ላይ ቅጣት ደምሮ ኤስኤምኤስ ይልክለታል። ያወቅነው በቴስት እንዳይመስላችሁ። አባላቱ ውላቸውን ይዘው መጥተው የሒሳብ ሠራተኛዋን ሲያፋጥጧት ነው።

ይሄ የአንድ ዕቃ ድክመት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን እንዲህ ያሉ አስተካካዮች ሥራው አለቀ የሚሉት ኤረሩ ሲጠፋ ወይም ቴስቱ ሲያልፍ ነው፤ ኮዱ ምን እንዲሠራላችሁ እንደፈለጋችሁ የሚነግራቸው ነገር የለም። ጉዳዩ በምርምሩ ዓለምም የታወቀ ነው። ጄንፕሮግ የሚባለው የአውቶማቲክ ጥገና ሥራ በፈረንጆቹ 2012 ላይ ከ105 ባጎች (የኮድ ስህተቶች) 55ቱን አስተካክያለሁ፣ እያንዳንዱም 8 ዶላር ገደማ ነው የፈጀው ብሎ ነበር። 2015 ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያኑ ጥገናዎች አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው በትክክል የተስተካከሉት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከቀሩት አብዛኞቹ ያስቸገረውን ተግባር ቆርጠው የሚጥሉ ነበሩ። የሚሠራ ነገር ከሌለ የሚበላሽ ነገር የለማ! ያኔ ቢያንስ ምርምር ነበር፣ ማንም ከካርዳችን ገንዘብ አይቆርጥም ነበር።

የኛው ዕቃም እንዲሁ ነው። የክፍያ ሰርቨር ላይ የሰርተፊኬት (የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ) ኤረር ሲመጣ «ሰርተፊኬቱን አታጣራ» የሚል ጨምሮበት አገኘነው። ይሄ ማለት መሃል ላይ የገባ ማንም ሰው የደንበኛውን መረጃ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ሌላ ቦታ ሙሉውን ኮድ ትራይ (ኤረር መያዣ) ውስጥ ከቶ፣ ኤረር ከመጣ ዝም ብለህ እለፍ ብሎታል።

ጭራሽ የማይጮኸው ስህተት ደግሞ አለ። ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ በፈረንጆቹ 2010 የተጻፈ፣ የፋይል መጠንን ሰው በሚያነበው መልክ የሚያወጣ የጃቫ ኮድ አለ። 2018 የወጣ ጥናት ከጃቫ መልሶች ሁሉ በብዛት የተገለበጠው እሱ ነው አለ። በዓመቱ የጻፈው ሰው ራሱ ወጥቶ ኮዱ ስህተት እንዳለበት ተናገረ፦ 999,999 ባይት ስትሰጡት 1 ሜጋባይት ማለት ሲገባው 1000 ኪሎባይት ይላችኋል። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ኤረር አላወጣም። ኤረር እየፈለገ የሚኖር አስተካካይ እንዲህ ያለውን በምን ያየዋል?

አሁን ወደ ሒሳቡ። ነጻ ሙከራ ይላል፣ ግን ካርድ ሳታስገቡ አይከፍትም። በትልቁ የተጻፈው የወር ዋጋ ነው፤ የሚቆረጠው የዓመቱ በአንድ ጊዜ ነው። ክሬዲት ደግሞ በእያንዳንዱ ማስተካከያ ይቀነሳል፣ ያበላሸውን መልሶ ሲያስተካክል ጭምር። መሰረዣ ቁልፍ የለውም፣ በኢሜይል ነው የምትለምኑት። በተለይ እዚህ አገር ያለን ሰዎች የዶላር ካርድ ስለሚቸግረን አሜሪካ ካለ ዘመድ ካርድ እንዋሳለን። ገንዘቡ ሲቆረጥ የምትጣሉት ከድርጅቱ ጋር ሳይሆን ከአክስታችሁ ልጅ ጋር ነው።

ኮዳችሁንም ይወስዳል። አንድ ቁራጭ ለማስተካከል የሙሉ ፕሮጀክቱን መግቢያ ፈቃድ ለምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም፤ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

አውቶማቲክ ማስተካከያ በጠቅላላ አይረባም እያልኩ አይደለም። ለጃቫስክሪፕት ኢኤስሊንት፣ ለፓይተን ራፍ አለላችሁ፣ ሁለቱም በነጻ። የሚያስተካክሉት በግልጽ ሕግ የታወቀውን ነው፤ ለምሳሌ ራፍ የማይሠራበትን ኢምፖርት (ከሌላ ፋይል የተጠራ ኮድ) ያወጣል። ራፍ እንደውም የኮዱን ባህርይ ሊቀይር የሚችለውን ማስተካከያ ለብቻው ለይቶ፣ እናንተ ካላዘዛችሁት አይነካውም። ያኛው ዕቃ ዶላር እየበላ ይሄን ልዩነት አያውቅም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን መግቢያ ፈቃድ ንጠቁት፣ ቀጥሎ ካርዱን ከባንኩ በኩል አስዘጉት፤ ኢሜይላቸውን አትጠብቁ። ከዚያ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) ላይ እሱ የነካቸውን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) በሙሉ አውጡና ባዶ ኤክሴፕት (ኤረርን ዝም ብሎ የሚያልፍ)፣ የተዘጋ የሰርተፊኬት ማጣሪያ፣ ከየትም የመጣ 0 ወይም 12 ፈልጉ። ኮዱን መመለስ ቀላል ነው። ዳታቤዝ ውስጥ የገባው ግን በኮድ አይመለስም፤ ነሐሴ 3 የሚለው የእውነት ነሐሴ ይሁን ጳጉሜ ከቁጥሩ አይታወቅም። ኮድ ከመንካታችሁ በፊት የድሮ ባካፕ እንዳይደመሰስ አድርጉ፣ እኛ የተረፍነው በሱና በወረቀት ውሎቹ ነው።